«ግንበኛው በሳምንቱ ዓሣ ይገባል ብሎኛል»

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሚደርስ የዓሣ ገንዳ ላሠራ ነው። ብሎኬቱ መጥቷል። ግንበኛው ብሎኬቱን ደርድሮ፣ በውስጥ በኩል ወፈር አድርጎ ለስኖ ሊሾ ሊያደርገው አስቧል። ውሃ እንዳያሳልፍ ሲሚንቶው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አለም ይላል። «ከተለሰነ በሳምንቱ ዓሣ ማስገባት ትችላለህ» ብሎኛል። ሐሳቤ 200 የቆሮሶ ጫጩት ማስገባት ነው። ዓሣ የሚያረባ ዘመዴ ደግሞ «መጀመሪያ ወለሉ ላይ ኖራ በትንበት፣ ጀርም ይገድላል» አለኝ። ጥላ እንዲኖረው ብዬ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው ቦታውን የመረጥኩት። የቱ ልክ ነው?

ምላሽ፦ በሳምንቱ የገባ ዓሣ ያልቃል። ከዚህ የምጀምረው ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ስለሆነ ነው። ግንበኛውን አልወቅሰውም። የሚያውቀው ግንብ ነው፤ ልስኑ በሳምንት ደህና ይጠነክራል ማለቱም ብዙ አልተሳሳተም። ልስኑ ጠነከረ ማለት ግን ውሃው ለዓሣ ተስማማ ማለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ውሃ የጠጣ ኖራ ማለት ነው። አዲስ ገንዳ ውሃ ሲሞላበት ይህ ኖራ ከግድግዳውና ከወለሉ እየሟሟ ይወጣና የውሃውን ፒኤች ሽቅብ ይወስደዋል። ፒኤች ውሃው ምን ያህል ወደ አሲድ ወይም ወደ አሲድ ተቃራኒ እንዳደላ የሚለካበት ቁጥር ነው፤ መካከለኛው 7 ነው። ጓሮ ውስጥ የሚረቡት ዓሣዎች ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ይመቻቸዋል። ትኩስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ ግን 11 እና 12 ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር 10 እጥፍ ስለሆነ ከ8 ወደ 11 መሄድ 1,000 እጥፍ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። የመጀመሪያ ገንዳዬን የሠራሁ ጊዜ፣ ልስኑ ባለቀ በ10ኛው ቀን 12 ወርቃማ ዓሣዎች ጨመርኩ። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ማታ ላይ ዓሣዎቹ ገላቸውን ግድግዳው ላይ እያከኩ ወዲያ ወዲህ ይወረወሩ ጀመር። ቦታው የተመቻቸው መስሎኝ ቆሜ አያቸው ነበር። ጠዋት ስነሳ ዓይናቸው ነጭ ጉም ለብሷል፤ ከሚተነፍሱበት ከስንጥባቸው ዝልግልግ ያለ ነገር እንደ ክር ተንጠልጥሏል። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ የቀሩት ሦስት ነበሩ። ውሃው ልክ በደረሰበት ቦታ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ መስመር ተሠርቶ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ጠመኔ ፈረፈረ። ኖራው ነው። መስመሩን ቀድሜ ባስተውለው ኖሮ መድኃኒት አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ የዘመድዎን ኖራ ይተዉት። ምክሩ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ቦታውን ነው የሳተው። የአፈር ኩሬ ሲሠራ፣ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ፣ ወለሉ ላይ ኖራ ይበተናል። አሲዱን ያበርዳል፣ ተባይም ይገድላል። የእርስዎ ገንዳ ችግር ግን የአሲድ ሳይሆን የኖራ መብዛት ነው። በኖራ ላይ ኖራ መጨመር ይሆናል። ፍግ ጨምር የሚልዎት ሰው ቢመጣም መልሱ ተመሳሳይ ነው። ፍግ ሰፊ የአፈር ኩሬ ውስጥ የዓሣ ምግብ የሚሆኑ ደቃቅ ነገሮችን ያራባል። 6,000 ሊትር በሚይዝ የአርማታ ገንዳ ውስጥ ግን ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ግንቡ። በውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት የተሠራው ለቤት ግድግዳ ነው። ከላይ የሚመጣን ጭነት ወደ ታች ይሸከማል። ውሃ ግን ወደ ጎን ነው የሚገፋው። ገንዳዎ ውስጥ ውሃው 1 ሜትር ቢሞላ 6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 6 ቶን ይሆናል። ረጅሙ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚያርፈው የጎን ግፊት 1.5 ቶን ገደማ ነው። ብሎኬትና ብሎኬትን የሚያያይዘው ስስ የሲሚንቶ ድብልቅ መጨመቅን ይችላል እንጂ መለጠጥን አይችልም። ግድግዳው ፀጉር ታህል ይሰነጠቃል፤ ልስኑም አብሮት ይሰነጠቃል። የቱንም ያህል ቢወፍር ልስን የተለጠፈበትን ነገር ነው የሚከተለው። ከዚያ ውሃው የብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ይገባና በሌላ በኩል፣ ምናልባት ሁለት ሜትር ርቆ ይወጣል። በየት እንደገባ ማወቅ ጭንቅ ነው። እንደዚህ ያለ ገንዳ ሦስቴ አራቴ ሲለሰን አይቻለሁ፤ ሁሌም ሌላ ቦታ ላይ ያነባል።

መድኃኒቱስ? አለ፤ ግንበኛው አልዋሸም። ሲሚንቶ ውስጥ የሚጨመሩ ውሃ እንዳያሳልፍ የሚያግዙ ፈሳሾችና ዱቄቶች አሉ። የሚያግዙት ግን በደንብ የተሠራን አርማታ ነው። የረቀቁትን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰና ከተሰነጠቀ ምንም አያደርጉም። «መድኃኒት አለው» የሚባለው ነገር ፌሮ ለመቆጠብ ሰበብ እየሆነ ስላየሁ ነው ይህን ያህል የምለው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ወለሉም ግድግዳውም ፌሮ ያለው አርማታ ይሁን። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ፌሮው ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ የታሰረ። የወለሉ ፌሮ ጫፉ ታጥፎ ወደ ግድግዳው መውጣት አለበት። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ነው መጀመሪያ የሚሸነፈው። ፌሮው አፈር ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርጉ ትንንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ይቀመጡለት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውሃ ይደርስበትና ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጥና አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ባጠቃላይ ወደ 3 ሜትር ኩብ አርማታ ነው የሚያስፈልግዎ። ይህ ልክ ለእርስዎ ገንዳ ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ወይም የቤቱ መሠረት አጠገብ ከሆነ በእኔ ቁጥር አይሥሩ፤ የግንባታ መሐንዲስ ያስሰላልዎት።

ከመገንባትዎ በፊት ጉድጓዱን ቆፍረው አንድ ሁለት ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላይ ውሃ ካቆረ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ሰው የሚንቀው ቢሆንም ትልቅ ነው። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ችግር የለውም። ለማጠብ ባዶ ያደረጉት ቀን ግን ከሥር ያለው ውሃ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ሊያነሳው ወይም ወለሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። ውሃ ካገኙ ጥልቀቱን ይቀንሱና ግማሹን ከመሬት በላይ ያውጡት። አፈሩ ዋልካ ከሆነም ይጠንቀቁ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የላዩንም ይዞ ይሄዳል። እሱን አንስቶ በጠጠራማ አፈር መተካትና በደንብ መደልደል ያስፈልጋል። በየትኛውም አፈር ላይ ቢሆን ከወለሉ አርማታ በፊት 10 ሴንቲ ሜትር የተደለደለ ጠጠር፣ በላዩ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ስስ አርማታ ቢነጠፍ ጥሩ ነው።

ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ይሁን። ዋናው የክርክር ቦታ ውሃው ላይ ነው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ22 እስከ 25 ሊትር ውሃ በቂ ነው፤ አሸዋው ርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛ ውሃ ማብዛት ይወዳል። ቀጠን ሲል ለመግፋት ይቀላላ! ትርፉ ውሃ ግን ሲተን በየሄደበት ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ገንዳዎም በዚያው ያንጠባጥባል። ባልዲ ቆጥረው ይስጡ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይቁሙ። ወፈር ያለው አርማታ ፌሮው መሀል በደንብ እንዲገባ ቫይብሬተር ይከራዩ። ከሌለ በብረት ዘንግ ሳይሰለቹ ይውጉት፤ ካሳፎርማውንም በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት።

ወለሉ ሲሞላ የግድግዳው የታችኛው 15 ሴንቲ ሜትርም አብሮ በዚያው ቀን ይሞላ። እንዲያ ሲሆን የትናንቱና የዛሬው አርማታ የሚገናኙበት መስመር ጥጉ ላይ አይውልም። መስመሩ ላይ ወተር ስቶፕ የሚባለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ መሀል ለመሀል ይቀበር። ግድግዳው ደግሞ ዙሪያውን በአንድ ቀን ይለቅ። «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ» ካሉ አንድ ተጨማሪ የሚያንጠባጥብ መስመር ገዙ ማለት ነው።

ቱቦ ከአርማታው በፊት ነው የሚቀመጠው። በኋላ ቀዳዳ በመሮ መፈልፈል ለፍሳሽ በር መክፈት ነው። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መውረጃው ያዘንብል። መውረጃው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተነቃይ ቱቦ ይሰካ። የቱቦው ቁመት የውሃዎ ከፍታ ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ ትርፉ በላዩ ይፈሳል፣ ባዶ ማድረግ ሲፈልጉ ይነቅሉታል። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። በዚህ ቱቦ ላይ ሌላ ሰፋና ረዘም ያለ ቱቦ ያጥልቁበት፤ የሰፊውን ቱቦ ታችኛ ጫፍ ደግሞ በመጋዝ ጥርስ ጥርስ ያድርጉት። ያኔ የሚፈሰው ከላይ ያለው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ከወለሉ ላይ ቆሻሻውን ይዞ የሚመጣው ይሆናል። ምንም ሞተር አያስፈልጋትም። ውሃው በሚነካው ቦታ ሁሉ የመዳብ ወይም ዚንክ የተቀባ የብረት መገጣጠሚያ አይጠቀሙ፤ ሁለቱም ለዓሣ መርዝ ናቸው። ፕላስቲክ ይበቃል።

አርማታው ከተሞላ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ጠዋት አንድ ባልዲ ደፍቶ መሄድ ውሃ ማጠጣት አይባልም፤ እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ያገኙታል። ግድግዳው ላይ ጆንያ ያልብሱ፣ ጆንያውን ያርሱ፣ በላዩ ፕላስቲክ ያድርጉ። ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ጣት ውሃ አቁረው ይተዉት። አርማታ ጠንካራ የሚሆነው በመድረቁ ሳይሆን ርጥበት ይዞ በመቆየቱ ነው። ይህን ብዙ ሰው በግልባጩ ነው የሚያውቀው።

28 ቀን ሲሞላው ቀስ አድርገው ይሙሉት። የተቆፈረው አፈር በውጭ በኩል ገና አልተመለሰም እንበል፤ እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ርጥበት የሚያሳይ ቦታ ካለ በዓይን ይታያል። አርማታው ራሱ ውሃ ስለሚጠጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መቀነስ አይመዝግቡ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ሞልተው ገንዳው ውስጥ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡ፤ አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። የባልዲውንም የገንዳውንም ከፍታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። በማግስቱ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ፀሐይና ነፋስ ነው የወሰደው። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከቀነሰ ያንጠባጥባል። በጣም ቀጭን ስንጥቅ ከሆነ ውሃው ውስጥ እያለ በራሱ ኖራ ሊደፈን ይችላል፤ ሳምንት ይጠብቁት። ከዚያም መቀነሱ ከቀጠለ ውሃው መቀነስ ያቆመበትን ከፍታ ይፈልጉ፤ ቀዳዳው እዚያ ዙሪያ ነው።

ማንጠባጠብ እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ የውስጡን ጥጎች በሲሚንቶና አሸዋ ክብ አድርገው ይሙሉ፤ ከዚያ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀቡት። ቅቡ ለመጠጥ ውሃ ታንከር የሚፈቀድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ይህን ጣሳው ላይ ይፈልጉት። የቤት ቀለም፣ ሬንጅ፣ የጀልባ ቀለም አይሆንም። ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ መሰል ቅብ በትክክል ከደረቀ ኖራውን ከውስጥ ያስቀረዋል። ሲሚንቶ ያለበት ቅብ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ግን እሱም ሲሚንቶ ስለሆነ በራሱ ኖራ ይለቃል። ስለዚህ በየትኛውም ቢቀቡት ማጠቡ አይቀርም።

አስተጣጠቡ ቀላል ነው፤ ጊዜ ነው የሚወስደው። ገንዳውን ይሙሉ፣ ለሳምንት ያህል ይተዉት፣ ግድግዳውን በብሩሽ እየፈተጉ ያፍስሱት። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የመጨረሻውን ውሃ ፒኤች ይለኩ። በጠብታ የሚሠራው መለኪያ ከወረቀቱ ይሻላል። አለካኩ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ገንዳውን በሞሉበት ቀን ከዚያው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡ። በሳምንቱ ሁለቱንም ይለኩ። የገንዳው ቁጥር ከብርጭቆው ከግማሽ ነጥብ (0.5) በላይ ካልራቀና ከ8.5 በታች ከሆነ ኖራው ጋብ ብሏል። ካልሆነ አራተኛ ጊዜ። በማለዳም ከሰዓት በኋላም ይለኩ፤ አረንጓዴ አልጌ ካለ ቀን ላይ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ግድግዳውን በአቼቶ መወልወል ያፋጥናል፤ ግን የሚደርሰው ላዩ ላይ ላለው ኖራ ብቻ ነው። ጠንካራ አሲድ ገዝተው እንዳይሞክሩ። ሳንባም ዓይንም ያቃጥላል፣ አርማታውንም ይበላዋል። የሚያፈሱትን የመጀመሪያውን ውሃ አትክልት ላይም ጅረት ውስጥም አይልቀቁት።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ለሁለት ሦስት ቀን ተከፍቶ፣ እየተንቀሳቀሰ ሲቆይ ይለቃል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን እንዲሁ አይለቅም፤ ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ ማስወገጃ ይጨመርበታል። ውሃ የሚያቀርብልዎትን ክፍል የቱን እንደሚጠቀም ይጠይቁ።

ወደ 200ው ቆሮሶ እንምጣ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እያንዳንዱ አድጎ ሩብ ኪሎ ቢመዝን 50 ኪሎ ዓሣ ነው። በቀን የክብደቱን 2 ከመቶ ቢበላ 1 ኪሎ መኖ ይሆናል። ከ1 ኪሎ መኖ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ አሞኒያ በዓሣዎቹ ስንጥብና ኩስ በኩል ወደ ውሃው ይመለሳል። በ6,000 ሊትር ሲካፈል በሊትር 5 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ። አሁን ያ ፒኤች እንደገና ይመጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከዚህ አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው ከ1 ከመቶ ያነሰው ነው። ፒኤቹ 9 ሲሆን ከሲሶው በላይ ነው። ያልታጠበ ገንዳ ዓሣን ሁለቴ ነው የሚገድለው የምለው ለዚህ ነው፤ አንድም በኖራው፣ አንድም ኖራው አሞኒያውን መርዝ በማድረጉ።

ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። ግን በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም፤ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። የሚራቡት ማጣሪያው ውስጥ፣ ጠጠሩና ስፖንጁ ላይ ነው። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጥበው ካብለጨለጩት ገደሏቸው፤ ከገንዳው በቀዱት ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ያለ ሞተርና ያለ አየር መስጫ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ቆሮሶ፣ ማለትም ከ12 እስከ 18 ይያዙ። ውሃውን በሁለት ሰዓት አንዴ በማጣሪያ የሚያዞር ፓምፕና አየር መስጫ ካለዎት በ20 ይጀምሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ አሞኒያው ዜሮ እየሆነ ከቀጠለ ወደ 40 ይሂዱ። 200 በዚህ ገንዳ ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይቻላልም፤ ግን አየር ሳይቋረጥ ሌሊቱን ሁሉ እየገባ ነው። መብራት በሌሊት ሄዶ ተኝተው ቢያድሩ ጠዋት ዓሣዎቹን የሚያገኟቸው ሞተው ተንሳፍፈው ነው። ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ከተኮለኮሉ መኖ ፈልገው ሳይሆን ታፍነው ነው።

ጫጩት ሲገዙ ወንድ ወንዱን ብቻ የሚሸጥ ካገኙ እሱን ይውሰዱ። ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ቆሮሶ ባለማቋረጥ ይራባል፤ ገንዳው የጣት ርዝመት ባላቸው ዓሣዎች ይሞላና አንዱም አያድግም። የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች መብላቱን ይቀንሳል፤ ወደ 10 ሲወርድ ይሞታል። ውሃዎ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ከሆነ ካርፕ ወይም ወርቃማ ዓሣ ይሻላል። ኮይ የሚባለውን ባለ ቀለም ካርፕ ካሰቡ ደግሞ ለአንዱ 1,000 ሊትር ይያዙለት፤ በእርስዎ ገንዳ ስድስት ነው። 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚያድግ ነው። መኖ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይስጡ። በሳምንት ከ10 እስከ 20 ከመቶ ውሃውን ይለውጡ፤ የሚወጣው ውሃ አሁን ለአትክልት ማዳበሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ፌሮና ካሳፎርማ በዛብኝ ካሉ ሌላ መንገድ አለ። ብሎኬት ደርድሮ ከመለሰን ብቻ ይሻላል። ብሎኬቱን ደርድረው ሆዱን በአርማታና በቁም ፌሮ ይሙሉት፤ ከላይም ዙሪያውን በአርማታ ይሰሩት። ከዚያ በወፍራም የገንዳ ሸራ፣ ጂኦሜምብሬን በሚባለው ያልብሱት። የሸራው ልክ ርዝመቱ፣ ሲደመር የጥልቀቱ ሁለት እጥፍ፣ ሲደመር ለጠርዙ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእርስዎ 6 ሜትር በ5 ሜትር ይሆናል። ግንቡ ቅርጽ ይይዛል፣ ሸራው ውሃ ይይዛል፤ ኖራው ውጭ ይቀራል። ጉዳቱ እንደ አርማታ ዕድሜ የለውም፤ በሹል ነገርም ይበሳል። ግንበኛዎ የውሃ ገንዳ አርማታ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ። ብሎኬቱም አይባክንም።

ሁለት ነገር ለደኅንነት። ትንሽ ልጅ እጅግ ጥቂት ውሃ ውስጥም ይሰጥማል። ገና ሲቆፈር ጀምሮ አጥር፣ ሲያልቅ ደግሞ ጠንካራ የብረት መረብ በላዩ ይደረግበት። ፓምፑም ባለ 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያይ የሚቆርጥ ብሬከር ላይ ይታሰር። ያለ እሱ እጅዎን ውሃው ውስጥ አይንከሩ።

የዛፉ ነገር ቀረ። ዛፉን ይተዉትና ገንዳውን ያርቁት፤ ቢያንስ የቅርንጫፉ ጥላ ከሚደርስበት ክልል ይውጣ። ሥሩ ወለሉን ይገፋል፤ ቅጠሉ ወለል ላይ እየበሰበሰ ያንኑ አሞኒያ ያመጣል። ግማሽ ቀን ፀሐይ ዓሣን አይጎዳም፤ ጥላ ካስፈለገ ከገንዳው ሲሶውን የሚሸፍን መረብ ወጠር ማድረግ ይበቃል። ከአርማታው እስከ መጀመሪያው ዓሣ ሁለት ወር ያስቡ። ለግንበኛውም አስቀድመው ይንገሩት።